ሽኩና ቫቭም ቅርስ አለው

ቤር ሼቫን ሊያይ የመጣ እንግዳ የት የት እንደሚወሰድ ይታወቃል። መጀመሪያ አሮጌው ከተማ ይወሰድና ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1900 የቀየሷቸውን ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በ1906 የተሠራውንና ዛሬ ሙዚየም የሆነውን መስጊድ፣ በ1915 የተከፈተውን የባቡር ጣቢያ ያያል። ቀጥሎ ዳኒ ካራቫን የሠራውን የኔጌቭ ብርጌድ መታሰቢያ ይጎበኛል። ሥነ ሕንፃ የሚወድ ከሆነ ደግሞ በሽኩና ሄ «ሩብ ኪሎሜትር» የሚባለውን ረጅም ሕንፃ ፎቶ ያነሣል። ሽኩና ቫቭ ግን ማንም አይወስደውም።

እኛ ይወሰድ እንላለን።

ከ1948 በኋላ ከተማዋ በፍጥነት ስትሰፋ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ስም ሳይሆን ፊደል ተሰጣቸው፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል እየተባለ ቫቭ ላይ ተደረሰ። ፊደሉ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቫቭ በዕብራይስጥ ከቃል ፊት ሲገባ «እና» ማለት ነው፤ ቄሶቻችን ኦሪትን በሚያነቡበት በግዕዝም ወዌ፣ ማለትም «ወ»፣ ሥራዋ ያው ነው። ከሰሜን አፍሪካ የመጣው እና ከሶቪየት ኅብረት የመጣው እና ከጎንደር የመጣው በአንድ ደረጃ ለሚወጣበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ቅርስ ሲመዘገብ ማን እንደሚረሳ ከአገራችን ታሪክ እናውቃለን። ዩኔስኮ የጎንደርን አብያተ መንግሥት በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በጎንደር ነገሥታት የግንባታ ሥራ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ግንቡ ግን የሚጠራው በንጉሡ ስም ነው፤ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ስም የለውም። ዛሬ በቫቭ የወላጆቻችን ታሪክ እንዲሁ ስም አልባ ሆኖ እንዳይቀር እንሰጋለን።

የቫቭ ሽኩኖች እንደ ፋሲል ግንብ አያምሩም፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቅርስ የሚሆነው የሚያምር ድንጋይ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ገባ። ከ1993 ጀምሮ መንግሥት በሰጠው ልዩ ማሽካንታ ብዙ ቤተሰብ ከካራቫን ወጥቶ በስሙ የተጻፈ ቤት ያዘ። የሣር ቤት ትቶ የመጣ አባት የመጀመሪያውን የቤት ቁልፍ የተቀበለበት መግቢያ፣ ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁበት አግዳሚ ወንበር፣ የሚክላት በር፣ እናቶች ጤና አዳም የተከሉባት ጥግ፤ የእኛ የታሪክ ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

አሁን ለምን አነሣነው? በአገሪቱ ሁሉ አሮጌ ሽኩኖች በ«ፒኑይ ቢኑይ» እየፈረሱ በቦታቸው ፎቅ እየቆመ ነው። ግንባታውን አንቃወምም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት «ለቅርስ ሲባል ደረጃ ውጪ» አትባልም። የእኛ ጥያቄ፣ ሕንፃው ሲፈርስ ትዝታው አብሮ መፍረስ አለበት ወይ ነው።

የእስራኤል የፕላንና ግንባታ ሕግ በ1991 በተጨመረበት ክፍል፣ እያንዳንዱ የአካባቢ ኮሚቴ የሚጠበቁ ቦታዎችን ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ያዛል። ሕንፃ ብቻ ሳይሆን የሕንፃዎች ስብስብና አካባቢያቸውም በታሪካቸው ሊገቡበት ይችላሉ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ባይቻል እንኳ፣ በአዲሱ ፎቅ መግቢያ ላይ በዕብራይስጥና በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ማቆም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህን ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ በሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥራ እንስጥ። ለሲግድ ወደ ቤት ስትሄዱ ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ ጎን ተቀመጡና ስልካችሁን ለመቅጃ ክፈቱት። «መጀመሪያ የገባችሁት የትኛው ቤት ነው? ጎረቤታችሁ ማን ነበር? የምትሰበሰቡት የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛም በትግርኛም የሚነግሯችሁን ቅዱ፤ የሕንፃውን ፎቶ ጨምሩበት። ዕብራይስጡን እኛ እንጽፈዋለን፤ ለከተማው ማዘጋጃ ቤትም እኛው እናቀርበዋለን።

ወላጆቻችን ዕብራይስጥ አስተምረው ዩኒቨርሲቲ ያስገቡን ለምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም። እነሱ ያላቸውን ቃል እኛ በምናውቀው ፊደል የማኖር ዕዳ አለብን።