የጫካ ቢላዋና ቀጥቃጩ

በጅማ የሐሙስ ገበያ ለቡና ጫካ ጉዞ ቢላዋ የሚገዛ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚመለከተው ብልጭታውን ነው። መመልከት የሚገባው ግን እጀታውን ነበር፤ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ካልዘለቀ እንጨት ሲፈለጥበት ይነቀላልና። (ታጣፊ ሰንጢማ ብርቱካን ከመላጥ አያልፍም።)

ቀጥቃጩ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚያወጣው ቢላዋ በጅማ እርጥበት እንደሚዝግ አልክድም፤ ጠርጎ ዘይት መቀባት ያሻል። ይሁን እንጂ ባሌስትራ የመኪና ሸክም የሚችል ብረት ነውና፣ አግሎ በሚገባ ያቀዘቀዘው እንደሆነ ስለቱ ይጸናል፤ ቢደነዝም በወንዝ ድንጋይ ይሳላል። ርዝመቱ ከስንዝር ባይበልጥ ለመግፈፍም ለመጥረብም ይመቻል፤ ለምንጣሮ ገጀራ አለ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የተማረው ወጣት ዛሬ አይሳደብም፤ ነገር ግን የሱቁን ቢላዋ በተጠየቀው ዋጋ ገዝቶ፣ ቀጥቃጩን በጥቂት ብር ይከራከረዋል።