ስለ ቡቲክ ንግድና በአንገትጌ ውስጥ ስለሚሰፋው ስም

በዚህ ሳምንታዊ የንግድ ዜና ገጽ ላይ ስለ ቡና፣ ስለ ቅባት እህልና ስለ ጉምሩክ ቀረጥ ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። ስለ ልብስ ንግድ ግን፣ ይልቁንም ዛሬ «ቡቲክ» እያልን ስለምንጠራው ሱቅ፣ እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ምናልባት ነገሩ የቅንጦትና የወጣቶች ጨዋታ ስለሚመስል ይሆናል። እኔ በአንዲት የቡቲክ ባለቤት ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጥሬ የሒሳቡን መዝገብና የደንበኞችን የልክ ደብተር ስይዝ ብዙ ዓመት ቈይቻለሁና፣ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ በዚህ ንግድ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዕለት ዕለት አያለሁ። ዛሬ ላነሣው የምወደው ጉዳይ አንድ ነው፤ እርሱም በልብስ አንገትጌ ውስጥ የሚሰፋው ስም የማን ሊሆን ይገባዋል የሚለው ነው። ይህን ለመጻፍ የአሠሪዬን ፈቃድ ጠይቄ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ በማለት ፈቅደውልኛል።

ወደ ሱቃችን የሚገባ ደንበኛ፣ ይልቁንም ወጣቱ፣ አስቀድሞ ጨርቁን አይዳስስም፤ ስፌቱንም አገላብጦ አይመረምርም። የመጀመሪያ ሥራው አንገትጌውን ገልጦ ስሙን ማንበብ ነው። ስሙ የታወቀ ሆኖ ካገኘው «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስሙን ካላወቀው ደግሞ ልብሱን ወደ መስቀያው መልሶ ይሄዳል። እንግዲህ ነጋዴው ምን ያድርግ? የታወቀው የፓሪስ ወይም የሚላኖ ቤት ልብስ በእውነተኛ ዋጋው ቢመጣ የሚገዛው ሰው በጣት የሚቈጠር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ነገሩ ይብሱን ከብዷል፤ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና። ከኢስታንቡል፣ ከዱባይና ከጓንዡ በሻንጣ የሚመጣውም ልብስ ዋጋው አብሮ ወጣ። ስለዚህ አንዳንዱ ነጋዴ ስም የሌለውን ልብስ በርካሽ ገዝቶ የታወቀ ስም ይሰፋበታል፤ ወይም ተሰፍቶበት የመጣውን የሐሰት ስም እያወቀ ዝም ይላል። ሕዝቡ ይህን «ፎርጅድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያም ሣቅ ብሎ ይገዛዋል። ሣቁ ይገርመኛል። ጤፍ ውስጥ አፈር ቀላቅሎ የተገኘ ነጋዴ ቢኖር ማንም አይሥቅለትም።

ስምን በልብስ ላይ መስፋት ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለክርክሩ ይጠቅማል። ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858፣ በፓሪስ ከተማ ሩ ዴ ላ ፔ በሚባለው መንገድ የልብስ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ልብስ ሰፊ ማለት ደንበኛው ያዘዘውን የሚፈጽም፣ ስሙም ከሱቁ ደጅ የማያልፍ ሠራተኛ ነበር። ዎርዝ ግን ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ እንደሚፈርም፣ በሠራው ቀሚስ ውስጥ ስሙን ሰፋበት። እኔ ይህን ፊርማ የምረዳው «የቈረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለት ቢገኝበት የምጠየቀውም እኔ ነኝ» እንደ ማለት አድርጌ ነው።

ስመ ጥሩዋ ገብርኤል ሻኔልም ብትሆን በ1910 በዚያችው ከተማ በሩ ካምቦን የጀመረችው በባርኔጣ ሱቅ ነው። በኋላ ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል የነበረውን ጀርሲ የተባለ ለስላሳ የሹራብ ጨርቅ ወስዳ፣ ሴቶች ሳይጨነቁ የሚራመዱበት ልብስ አደረገችው። ጨርቁን አወቀች፤ ለባሺቱ ቀኗን እንዴት እንደምታሳልፍ አወቀች፤ ዝናው ከዚያ በኋላ መጣ። ፒዬር ካርዲን ደግሞ ታላቅ የመቀስ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስሙን በኪራይ መልክ ለብዙ መቶ አምራቾች ፈቀደ፤ በከረባት፣ በሽቶ፣ በፎጣ፣ በእስክሪብቶ ላይ ሳይቀር ታተመ። (እስክሪብቶው በእኔም ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ ነበረ።) እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2020 በ98 ዓመቱ ሲሞት ባለጸጋ ነበረ፤ ስሙ ግን በየመደብሩ ከመብዛቱ የተነሣ ከጥንት ክብሩ ብዙ ጐድሎ ነበር።

አሠሪዬ ይህን ታሪክ በመጽሐፍ አልተማሩትም፤ በመቀስ ነው የተማሩት። በመርካቶ በእጅ በሚዞር ሲንገር መኪና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በመስፋት ጀምረው ነው ዛሬ ቦሌ ላይ ባለ መስታወት ሱቅ የያዙት። አንዲት ልጅ በቅርቡ የለበሰችውን ኮት ወደደችውና «እትዬ፣ ማርኩ የታለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ማርኩማ ትከሻሽ ላይ ነው የኔ ልጅ፤ መስታወቱን እይው» አሏት። ኮቱ ትከሻዋ ላይ እንደ ተፈጠረላት ተቀምጦ ነበርና ልጂቱ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የሚያዘወትሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

«የራስ አለባበስ» ወይም «ስታይል» ስለሚባለው ነገር ያላቸው አሳብ እጅግ ቀላል ነው፤ እኔም ከጊዜ ወደ ጊዜ እውነትነቱን ተረድቼዋለሁ። አንዲት ሴት ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ አስቀድመው የሚጠይቋት ስለ ቀለም አይደለም። «ወደ ሥራ በምን ትሄጃለሽ?» ይሏታል። በሚኒባስ ታክሲ የምትሄድ ከሆነች ጠባብ ጉርድ አይሰፉላትም፤ ደረጃውን ስትወጣ ወይ ስፌቱ ይተረተራል ወይ እርስዋ ታፍራለች። ቀጥለው ልብሱን ማን እንደሚያጥብላት ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ጧት የሚበርድባት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሚያቃጥልባት፣ በክረምትም ጭቃዋ እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስባት ሰፈር ያላት ከተማ ናት። የፓሪስ ዲዛይነር ስለ ሐምሌ ጭቃ አይጨነቅም፤ ሊጨነቅም አይገባውም። ይህን ማወቅ የእኛ ሥራ ነው። ከውጭ የመጣ ልብስ ገዝታ በሳምንቱ ለማሳጠር፣ ወገቡን ለማጥበብ፣ ገበር ለመጨመር ወደ እኛ የምትመለስ ደንበኛ ብዙ ናት፤ በእኔ መዝገብ ላይ የ«ማስተካከያ» ገቢ የሚጻፍበት ዐምድ ባዶ ሆኖ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

አሁን ወደ ሸማው ልምጣ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው በዚህ ነውና። የፋብሪካ ጨርቅ አስቀድሞ ተሠርቶ በጥቅል ይመጣል፤ ሰፊው ልክ የሚወስደው ለመቍረጥ ብቻ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ግን ሌላ ነው። ጥለቱ በታችኛው ጠርዝ፣ በእጅጌና በደረት ላይ የሚወድቅበት ስፍራ የሚወሰነው ሸማኔው ገና ድሩን ሳይዘረጋ ነው። ቀሚሱ ከተሸመነ በኋላ ረዥም ሆኖ ቢገኝ እንደ ሌላው ጨርቅ ከታች ቈርጦ ማሳጠር አይቻልም፤ ከታች ያለው ጥለቱ ነውና። ስለዚህ የደንበኛዋ ቁመት ከልክ ደብተሩ ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን የሚወረውረው ሸማኔ ያን ቍጥር ወደ ክር ይለውጠዋል። በፓሪስ ታላላቅ ቤቶች እንኳ ለአንዲት ደንበኛ ቁመት ተብሎ ጨርቁ ከመሠረቱ የሚሸመነው ስንት ጊዜ ነው? እኛ ግን ለጥምቀትና ለሠርግ ይህን ስናደርግ የኖርን ሰዎች ነን፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነውና በታኅሣሥ ወር ትእዛዙ በላይ በላዩ ይደራረባል።

ዕውቀቱ በዚህ አያበቃም። ማጉ በእጅ የተፈተለ ከሆነ ክሩ አንዱ ስፍራ ወፈር፣ ሌላው ስፍራ ቀጠን ይላል፤ ውበቱም ከዚያ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ሳይነከር የተቈረጠ እንደ ሆነ ልብሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለሌላ ሰው ይሆናል። የጥለቱ ቀለም በነጩ ላይ እንዳይለቅ አስቀድሞ በርጥብ ጨርቅ መፈተሽ ያስፈልጋል። የተቈረጠው ጠርዝ ቶሎ ስለሚተረተር እንደ ቴትሮን ዝም ብሎ አይሰፋም። በእነዚህ ነገሮች ሳይጠነቀቅ በሸማ ላይ የአውሮፓ ቅድ የሚያሳርፍ ዲዛይነር አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ልብስ ይሠራል፤ ሁለተኛ የሚለበስ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያፈርስ ዕቃ ደግሞ በገበያው ተበትኗል። የጥለት ሥዕል በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ አገር ፋብሪካ የሚመጣ የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ለይቶ ማወቁ አያስቸግርም። በእጅ የተጠለፈ ወይም የተሸመነ ጥለት በግልባጩ ሲታይ የክሩ መንገድ ይታያል፤ የታተመው ግን ግልባጩ የደበዘዘ ነው። ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት ቢያቃጥሏት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ርካሽ ልብስ መሸጥ ነውር ነው አልልም፤ ለልጆቿ የበዓል ልብስ ለመግዛት አቅሟ የማይፈቅድላት እናት ይህን ገዝታ ብትደሰት ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ነውሩ «ሸማ ነው» ተብሎ ሲሸጥላትና ከእውነተኛው ሸማ ጋር በአንድ መስቀያ ላይ ሲሰቀል ነው።

«ገዢው የውጭ ስም ይወዳል፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። በአዋጅ ቍጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ጥበቃ ተሰጥቶታል፤ በአዋጅ ቍጥር 813/2006 ደግሞ ሸማችን የሚያሳስት ነገር መናገር ተከልክሏል። ስለ ሕጉ ይህ ይበቃል። ከሕጉ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ በሐሰት ስም የሚሸጥ ነጋዴ ሃያ ዓመት ቢነግድ በመጨረሻ የራሱ የሚለው ስም አይኖረውም፤ ሱቁን ለልጁ ሲያወርስ የሚያወርሰው መስቀያና መስታወት ብቻ ነው። የእኛ ጨርቅ በራሱ ስም እንደሚሸጥ ምሳሌ አለ። ሊያ ከበደ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 «ለምለም» የተባለውን ድርጅት ያቋቋመችው የሸማኔዎቻችን ሥራ ገበያ እያጣ መሄዱን አይታ ነው፤ በእጅ የተሸመነውን የጥጥ ልብስም በባሕር ማዶ ለታወቁ መደብሮች አድርሳለች። ስሙ አማርኛ ነው፤ ገዢው ፈረንጅ ነው።

እንግዲህ ለምክር ቤታችን አባላት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየቡቲካችን በሚሸጥ ልብስ ሁሉ ውስጥ ትንሽ የመለያ ጨርቅ ትሰፋ፤ ጨርቁ ጥጥ ወይም ፖሊስተር መሆኑ፣ በእጅ ወይም በማሽን መሠራቱ፣ የሱቁም ስም በአማርኛ ይጻፍባት። በእጅ የተሸመነ ሲሆን ደግሞ የሸማኔው ስም ይጨመር።

በዚህ በመጨረሻው ነጥብ አሠሪዬ ገና አልተስማሙልኝም። ፍርሃታቸው ተራ ፍርሃት አይደለም። ስሙ የታወቀ እንደ ሆነ ደንበኛዋ ሱቁን ትታ በቀጥታ ወደ ሸማኔው ትሄዳለች ይላሉ፤ ኪራዩን፣ የሰፊዎቹን ደመወዝና ግብሩን የሚከፍለው ግን ሱቁ ነው። እኔ ደግሞ ደንበኛዋ ወደ እኛ የምትመጣው ለልኩ፣ ለቅዱና ለኀላፊነቱ እስከ ሆነ ድረስ አትሄድም ባይ ነኝ፤ ብትሄድም እኛ የምንሸጠው ነገር እንደ ሌለን ታሳየናለች። ደግሞስ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ቢቀንስም ስሙን የሚጠራለት ሰው እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። የማናውቀውን የሚላኖ ሰፊ ስም በደረታችን ላይ ይዘን ስንሄድ፣ ቀሚሳችንን የሸመነው ሰው ማን እንደ ሆነ ብንጠየቅ የምንመልሰው የለንም።

ለጊዜው የተስማማነው በሚመጣው ጥምቀት በጥቂት ቀሚሶች ላይ እንድንሞክረው ነው። ከሸማኔዎቻችን አንዱን ስሙ እንዲጻፍ ይፈቅድ እንደ ሆነ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና፣ የሚጻፍ ከሆነ የባለቤቱም ስም አብሮ እንዲጻፍ ጠየቀኝ፤ ክሩን የምትፈትለው እርስዋ ናትና። የመለያዋ ጨርቅ ስፋት ሦስት ጣት ስለሆነች ሁለቱን ስም ትይዛለች፤ ለአታሚው እንዲሁ ብዬ ጽፌለታለሁ።