ሸማ በየፈርጁ፣ የምስክር ወረቀትም በየሥራው

ከመካከላችን የተማሩትን ሙያ ትተው ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ለመሻገር የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም። ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር የሚመጡ መምህራንም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ «የቴክኒክና ሙያ ደረጃ ይበቃል? ዲግሪ ይሻላል? ወይስ ማስተርስ?» የተለመደው መልስ «ከሁሉ ከፍ ያለውን ያዝ» የሚል ነው። እኛ በዚህ መልስ አንስማማም። አባቶቻችን ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ያሉት ለዚህም ጉዳይ የሚሆን ይመስለናል።

አስቀድመን የሥራውን ዓላማ እንጠይቅ። በአገራችን ሹመትና እንጀራ ለብዙ ዘመን በደጅ ጥናት ይገኝ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚቆጣጠር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሰው በዘመድ ሳይሆን በችሎታው እንዲቀጠር ነበር። እንግዲህ ሥራውን የማያውቅ ሰው ወረቀቱ ስለ በዛ ብቻ በወንበሩ ከተቀመጠ፣ ደጅ ጥናት መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በላይ ጋይንት ገጠር የምታስተምር አንዲት መምህርት የአገልግሎት ዘመኗ የሚታወቀው በማኅደሯ ነው። የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ የቅጥር ደብዳቤዋ ከማኅደሩ ቢጠፋ 10ሩን ዓመት ማን ይመሰክርላታል? በግል ድርጅት የሚሠራውም እንዲሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ ለወላድ እናት ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። ይህን አጣርቶ የሚያሰላና ማኅደር የሚጠብቅ ሰው ማስተርስ አያሻውም፤ ጥንቃቄና ሕጉን ማወቅ ግን ያሻዋል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ላልገባ ወንድማችን ወይም ላልገባች እኅታችን የቴክኒክና ሙያው መንገድ ውርደት አይደለም፤ ከ1 እስከ 5 ያሉት ደረጃዎች በብቃት ምዘና የሚረጋገጡ ናቸውና። የትምህርት ክፍል ገና ያልመረጠ ተማሪ ማኔጅመንትን በዲግሪ ይማር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንዳለም አይርሳ። በታሪክ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ ያለው መምህር ግን ለማስተርስ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ያንብብ። የትኛውን የትምህርት ዓይነት እንደሚቀበሉ፣ ምን ያህል «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» እንደሚጠይቁ ይመልከት። ልምድ በሁለተኛ ዲግሪ አይገዛም። ማስተርስ የሚጠቅመው ጥቂት ዓመታት ሠርቶ የራሱን ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር ያለው የሙያው ማኅበር እንኳ ትምህርቱን በሦስት ከፍሎ ይሰጣል፤ ደረጃ 3 ለጀማሪ፣ ደረጃ 5 ሥራውን ለለመደ፣ ደረጃ 7 ለከፍተኛ ባለሙያ ነው።

«ያለ ከፍተኛ ወረቀት ደመወዝ አያድግም» የሚሉን ወገኖች አሉ። እውነት አላቸው፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እንጀራውን ቢያስብ አይወቀስም። ነገር ግን ወረቀቱ ወንበር ላይ ያስቀምጣል እንጂ ሥራውን አያስተምርም። ሥራውን ሳያውቅ የተሾመ ሰው ለሚያጠፋው ጥፋት የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ጋይንት ያለችው መምህርት ናት።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችንና ለኅብረታችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። የማኔጅመንት መምህራን በየወረዳው ማኅደር ሲጠብቁ የኖሩ ሠራተኞችን ጋብዘው ሥራቸውን እንዲነግሩን ያድርጉ። ኅብረታችንም የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ በሚጠይቁት የትምህርት ደረጃ ለይቶ በሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ አንድ ተማሪ ሁለት ዓመትና የወላጆቹን በሬ ለማያስፈልገው ወረቀት ከመስጠት ግን ሊያድኑት ይችላሉ።