ከአትክልት ሥፍራችን፦ የጠቆረው ወይራ



ዘንድሮ ለበዓለ ትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የመጡ እንግዶቻችን ደጋግመው የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «በግቢው ያለው ወይራ ጥላሸት የለበሰው ምን ነክቶት ነው?» ከእኛም መካከል ዛፉ አብቅቶለታልና ይቆረጥ ያሉ አልታጡም። ምሳር ከመነሣቱ በፊት ግን በሽታውን መለየት ይገባል ብለን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ቀርበን ተመለከትን።

ጥቁሩ ነገር ሻጋታ ነው። የሚበቅለውም ባለ ቅርፊት ተባይ የዛፉን ጭማቂ መጥጦ በሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። በግቢያችን ያገኘነውን ዓይነት ባለሙያዎች ጥቁር የወይራ ስኬል ይሉታል። እናቲቱ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ወደ ጥቁር ያደላች ቡናማ፣ እንደ ምስር ክክ የጎበጠች ናት፤ በጀርባዋም የላቲኑን «ኤች» ፊደል የሚመስል ጎላ ያለ መስመር አላት። ተጣብቃ ስለምትኖር ለብዙዎች የቅርንጫፉ እባጭ ትመስላቸዋለች።

በሕይወት መኖሯን ለማወቅ በጥፍር መፋቅ ይበቃል። ፈሳሽ ከወጣት ሕያው ናት፤ ደርቃ ከረገፈች ሞታለች። በቅርፊቷ ላይ ክብ ቀዳዳ ከታየ፣ ጥቃቅን ተርብ በውስጧ አድጎ ገድሏት ወጥቷል ማለት ነው። ባዶው ቅርፊት ለረዥም ጊዜ ተጣብቆ ስለሚቆይ ብዛቱ ብቻ ሊያስደነግጠን አይገባም።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፉት ዓመታት ቅርፊት ባየን ቁጥር ጠንካራ መርዝ እንረጭ ነበር። መርዙ በእናቲቱ ሥር የተሸሸጉትን እንቁላሎች ሳይነካ የሚረዱንን ተርቦችና ጢንዚዛዎች ፈጀ፤ ተባዩም በዝቶ ተመለሰ።

ዘንድሮ ሌላ መንገድ ይዘናል። በመጀመሪያ የዛፉን መሐል ገርዘን ብርሃንና ነፋስ አስገባንበት፤ አዲስ የተፈለፈሉት ጫጩቶች የዚህን አገር የሰኔና የሐምሌ ሐሩር በግልጥ ቦታ አይችሉትምና። ሁለተኛ፣ ጉንዳን በግንዱ እንዳይወጣ ከለከልን፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ለማግኘት ሲል ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቃልና። ሦስተኛ፣ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ፕላስተር ጠቀለልን፤ ነቁጥ የሚያህሉ ቢጫማ ጫጩቶች ሲያዙበት መፈልፈል መጀመሩን እናውቃለን። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ሲያበቃ ለዛፍ የተዘጋጀ የማዕድን ዘይት በውኃ በጥብጠን እንረጫለን፤ ዘይቱ ጫጩቶቹን አፍኖ ይገድላቸዋል። አስቀድሞ ዛፉ ውኃ ይጠጣ፤ በቀትር ሐሩር አይረጭ፤ መጠኑም በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ይሁን።

ወይራው አልተቆረጠም። አሮጌው ቅጠል ለጊዜው እንደ ጠቆረ ይቆያል፤ የምንመዝነው አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ መውጣቱን ነው።

ተሳላሚዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ለበረከት ብላችሁ እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ቀጥፋችሁ ወደ አገር ቤት አትውሰዱ። አንዲት እናት በሥሯ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትሸከማለች፤ በአገራችን የሚበቅለው ወይራ ደግሞ የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። በጥላው ሥር ማረፍ ግን ለሁላችሁም የተፈቀደ ነው።