ከማሳ የወጣ ውሃ የት ይሂድ?

ጅሩ ሲባል የበዓል ሰንጋ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬስ ሰንጋውን እንተወውና አፈሩን እናንሳ። ሞረትና ጅሩ ውስጥ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ መሬቱ ጥቁር ነው። ዋልካ በሉት መረሬ፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃው መውረጃ ያጣል። እንዲህ ያለው አፈር በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። በብዙው ቦታ ገበሬው ክረምቱ እስኪያባራ ጠብቆ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ የወረደው ዝናብ እንግዲህ ለማን ወረደ?

የእነዋሪ ሰው ግን መላውን ከያዘ ቆይቷል። ማሳው ከታረሰ በኋላ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ መደብ ይሠራሉ፤ ስንዴው መደቡ ላይ፣ ውሃው በቦዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ይህንን ድካም ሊያቃልል ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት ማጠንፈፊያ አወጣ፤ ቢቢኤም የሚባለውን ማለታችን ነው። 80 ሳንቲሜትር ያህል መደብ፣ 40 ያህል ቦይ። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ በእሱ ጠብ የለንም።

የሚያሳስበን ከቦዩ ጫፍ በኋላ ያለው ነው። የላይኛው ሰው ሲያጠነፍፍ የታችኛው ማሳ ይዋኛል። የታችኛው ወሰኑን ይደፍናል፣ የላይኛው በሌሊት መጥቶ ይከፍተዋል፤ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ቦይ አይቆፍርም። ለአንድ ገበሬ ማጠንፈፊያ ሰጥቶ «ቴክኖሎጂ ተቀበለ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ለእኛ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሲብስም ጎረቤት ማጣላት ነው።

«ውሃውን አንድ ቦታ ከሰበሰባችሁት ቦረቦር ያወጣል» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው ዋናው መፋሰሻ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለውና ሣር የለበሰ መሆን ያለበት፤ ያ ደግሞ በአንድ ሰው አቅም አይሆንም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው በበጋ ለእርከን በዘመቻ ሲወጣ አይተናል። ከዚያ ቀን ጥቂቱ ለሜዳውም ይድረሰው። የልማት ሠራተኛው ማጠንፈፊያ ከማደሉ በፊት በአንድ ተዳፋት ላይ ያሉትን ባለማሳዎች በሙሉ ይሰብስብ። መፋሰሻው በማን መሬት እንደሚያልፍ፣ መሬቱ የተቆረሰበትም ምን እንደሚያገኝ ሰኔ ሳይገባ ይጨርሱ። የመፋሰሻውን ሣር እሱ ብቻ ይጨደው ቢባልስ? ሰንጋ ለሚያደልብ ሰው ቀላል ካሳ አይመስለንም።