ደረጃው የሆስፒታሉ ነው፤ እጁ የእናንተ

አሜሪካ ውስጥ በተሃድሶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ የሚያመለክቱ ብዙ ወጣት ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዩት የዩኤስ ኒውስን የሆስፒታሎች ደረጃ ነው። የቺካጎው ሸርሊ ራያን አቢሊቲላብ ከ30 ዓመት በላይ አንደኛ ሲባል ኖሯል። የቦስተኑ ስፖልዲንግ፣ የኒው ጀርሲው ኬስለር፣ የሂዩስተኑ ቲርም ስመ ጥር ናቸው። ምርጥነታቸውን አልክድም። ግን ይህ ዝርዝር የተዘጋጀው ለታካሚ እንጂ ለሠልጣኝ አይደለም!

ሥልጠናው 4 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው በመሠረታዊ ሕክምና ያልቃል፤ ለተሃድሶው የሚቀሩት 3 ብቻ ናቸው። እስቲ እዚያ ያሉትን ሬዚደንቶች ጠይቁ፦ የነርቭና የጡንቻ ምርመራውን በእጃችሁ ትሠራላችሁ ወይስ ፌሎው ሲሠራ ቆማችሁ ታያላችሁ? አከርካሪው የተጎዳውን ታካሚ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላስ ትከታተሉታላችሁ?

«ስም በር ይከፍታል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ለፌሎሺፕም ለሥራም ይረዳል። በሩን ካለፋችሁ በኋላ ግን ታካሚው ፊት የምትቆሙት ብቻችሁን ነው።

ሌላው ደግሞ «እነሱ አይወስዱኝም» ብሎ የሚወዱትን ፕሮግራም ወደ ታች ማውረድ ነው። የማቹ ቀመር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ነው። ከባዱን ፕሮግራም አንደኛ ማድረግ ሁለተኛውን አያሳጣችሁም። ስለዚህ ዝርዝራችሁን ስትሞሉ የዩኤስ ኒውስን ሳይሆን የራሳችሁን ደረጃ ጻፉ።