ላሜራን ስለ ማለስለስና ባለ እጅን ስለ ማክበር

በቢቸናና በሞጣ አገር በብዙ ቤት ከሸክላው ድስት አጠገብ የአሉሚኒየም ድስት ተቀምጦ ይታያል። ነጭና ቀላል ነው፤ ቢወድቅም እንደ ሸክላ አይሰበርም። ሰው ሁሉ ይበስልበታል ብሎ ያውቀዋል፤ አሉሚኒየም ለሰው እጅ እንዴት እንደሚታዘዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአሉሚኒየም ላሜራ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ ይሄዳል። በውስጡ ያሉት፥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ከምቱ የተነሣ ይጨናነቃሉ። ስለዚህ ላሜራው እንቢ ይላል፤ አብዝተው ቢመቱት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ጕልበት አይጠቅምም። መድኀኒቱ እሳት ነው። በልክ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ እንደ ገና ተስተካክለው ይደረደራሉ፤ ላሜራውም ይለሰልሳል።

ነገር ግን ልኩን ማወቅ ቀላል አይደለም። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ቀጥቃጩም መልኩን አይቶ ሙቀቱን ያውቃል። አሉሚኒየም ግን መቅላቱ ሳይታይ በ660 ዲግሪ ሙቀት በድንገት ይቀልጣል፤ ብረት የሚቀልጠው 1,538 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አስቀድሞ ላሜራውን ሳሙና ይቀባዋል፤ ከዚያም ከሥሩ በዝግታ ያሞቀዋል። ሳሙናው ሲጠቍር ሙቀቱ እንደ በቃ ያውቃል፥ ወዲያውም ከእሳት ያነሣዋል። ከበረደ በኋላ ላሜራው ለእጅ ይታዘዛል። ሲቀጠቀጥ እንደ ገና ስለሚጠነክር፥ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ደጋግሞ ያሞቀዋል እንጂ በቍጣ አይደበድበውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። አንዳንድ ሰዎች፥ «ዕውቀት በመጽሐፍ ያለው ብቻ ነው፤ የባለ እጅ ሥራ ግን ከአባት የወረደ ልማድ ነው» ይላሉ። ነገራቸው አይጸናም። በቢቸና አጠገብ ባለችው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሮች ትምህርታቸውን ከመምህራቸው አፍ ሲቀበሉ ኖረዋል፤ የባለ እጅ ልጅም ትምህርቱን ከአባቱ እጅ ይቀበላል። ሁለቱም ማስተዋልን፥ ትዕግሥትንና ብዙ ዓመትን ይፈልጋሉ። ባለ እጅ ጠቢብ መባሉም በከንቱ አይደለም፤ ጠቢብ ማለት ጥበብ ያለው ማለት ነውና።

ይሁን እንጂ ጠቢቡ ብዙ ዘመን ቡዳ እየተባለ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት፥ ቀጥቃጩም ሸማኔውም ስለ ሥራቸው እንዳይሰደቡ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚያለሰልሰው ግን ትምህርት ነው። የተሰደበ ልጅ በአባቱ ሥራ ያፍራል፤ ወናፉንና መዶሻውን ትቶ ይሸሻል። ከእርሱም ጋር ብዙ ዘመን የተከማቸው ዕውቀት ይጠፋል። የሚጐዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም፥ ያለ ማጭድም አያጭድም። በባለ እጅ ማረሻ ታርሶ የተገኘውን እንጀራ እየበሉ ባለ እጅን መናቅ ውለታን መርሳት ነው።

እንግዲህ ማንበብ የተማረ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ስድብ ከአፉ ያርቅ። በትምህርት ቤት የባለ እጅ ልጅ ቢያገኝ አጠገቡ ይቀመጥ፤ አባቱ እሳቱን በምን እንደሚለካም ይጠይቀው።